«ሲስተም የለም»፦ የተራው ተጠቃሚ እውነተኛ አስተያየት የት ይገኛል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ አዲስ ፈጠራ ወይም ስለ መጪው ዘመን ቴክኖሎጂ አይደለም። ሁላችንም በየቀኑ ስለምንሰጠው፣ ነገር ግን በመዝገብ ስለማይያዝ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ተራው ሰው በእጁ ስላለው ሶፍትዌርና ስለሚገለገልበት የኢንተርኔት አገልግሎት ያለው እውነተኛ አስተያየት ነው።

በአማርኛ ከተሰጡት የሶፍትዌር ግምገማዎች ሁሉ ምናልባት እጅግ የታወቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሲስተም የለም»። አንዲት እናት በአገልግሎት መስኮት ፊት ተራቸውን ጠብቀው ሲደርሱ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሱ» ይባላሉ። ሐረጉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። «ሲስተሙ ተበላሽቷል» አይልም፤ ቢል ኖሮ ያበላሸ፣ የሚጠግንም ሰው ይኖር ነበር። «የለም» ነው የሚለው፤ ቤት ቆልፎ ወደ ገበያ እንደ ሄደ ጎረቤት። እማማም ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። ቅሬታቸውን የሚሰማው የመስኮቱ ሠራተኛ ነው፤ እርሱ ግን ሶፍትዌሩን አልሠራውም፤ እንደ እርሳቸው ተገልጋይ ነው። የሠራው ሰው ይህን ንግግር አይሰማም። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር ይኸው ነው፦ የተጠቃሚው አስተያየት አለ፣ ብዙም ነው፣ ብዙውን ጊዜም ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚነገርበትና የሚሰበሰብበት ቦታ ለየቅል ነው።

የሚሰበሰብበትን ቦታ አስቀድመን እንመልከት። መተግበሪያ ከስልካችን መደብር ስናወርድ ከስሙ በታች ከ1 እስከ 5 የሚደርሱ ኮከቦችና አንድ አማካይ ቁጥር እናያለን። ያን ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት አድርገን እናነበዋለን። አሠራሩ ግን ከፈተና ጋር አይመሳሰልም። እ.ኤ.አ. በ2009 ናን ሁ፣ ፖል ፓቭሉና ጄ ዣንግ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሰጡ የምርት ደረጃዎችን መርምረው፣ ሥርጭታቸው የላቲኑን «ጄ» ፊደል እንደሚመስል አሳይተዋል። በ5 ኮከብ ላይ ትልቅ ክምር፣ በ1 ኮከብ ላይ አነስ ያለ ክምር፣ በመካከል ደግሞ ሸለቆ አለ። ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ቀላል ነው፤ እጅግ የተደሰተና እጅግ የተናደደ ሰው ይጽፋል፤ «ደህና ነው፣ ይሠራል» የሚለው ብዙኃኑ ግን ለመጻፍ ምክንያት የለውም።

ይህ ምን ችግር አለው? በቀላል ስሌት እንየው። 100 ሰዎች አስተያየት ሰጡ እንበል፤ 60ዎቹ 5 ኮከብ፣ 40ዎቹ 1 ኮከብ ሰጡ። አማካዩ 3.4 ይሆናል። ከመቶዎቹ መካከል አገልግሎቱ 3.4 ይገባዋል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው የለም። እውነቱ፣ አገልግሎቱ ለ60ዎቹ በሚገባ ሠርቷል፣ ለ40ዎቹ ጨርሶ አልሠራም የሚለው ነው። አርባዎቹ እነማን ናቸው? አሮጌ ስልክ ያላቸው ይሆኑ? ከከተማ ውጭ የሚኖሩ? ስማቸው በመታወቂያቸውና በባንክ ደብተራቸው በተለያየ የላቲን አጻጻፍ የሰፈረ? አማካዩ ይህን ሁሉ ይደፍነዋል። እኔ በበኩሌ አማካዩን ሳልመለከት በቀጥታ ወደ 2ና ወደ 3 ኮከብ አስተያየቶች እሄዳለሁ። ሁለት ኮከብ የሚሰጥ ሰው አልተናደደም፣ አልተደሰተምም፤ ተጠቅሞ አመዛዝኗል። የሚጽፈውም ብዙ ጊዜ «ጥሩ ነበር፤ ከመጨረሻው ማሻሻያ በኋላ ግን የይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠይቀኛል» ዓይነት፣ መሐንዲስ ሊሠራበት የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመደብሩ የሚታየው ደረጃ ለቅርብ ጊዜ አስተያየቶች የበለጠ ክብደት እንዲሰጥ አድርጓል፤ ይህ መልካም ነው፣ የተሻሻለ መተግበሪያ በአሮጌ ኃጢአቱ አይፈረድበትም። አፕል ደግሞ አንድ መተግበሪያ በራሱ በአፕል መስኮት አማካይነት ተጠቃሚውን ደረጃ እንዲሰጥ የሚለምንበትን ቁጥር በ365 ቀናት ውስጥ በ3 ገድቧል። ነገር ግን የሚለመንበትን ቅጽበት የሚመርጠው ሠሪው ነው። ገንዘቡ በተሳካ ሁኔታ እንደ ተላከ፣ ጨዋታው በድል እንደ ተጠናቀቀ፣ «ደስ ብሎዎታል?» የሚል መስኮት ብቅ ይላል። ገንዘቡ ተቆርጦ ለተቀባዩ ሳይደርስ በቀረበት ሰዓት ግን ማንም አይጠይቀንም። በሠርግ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ስለ ትዳር አስተያየት መሰብሰብ እንደ ማለት ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ወገናችን መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ ይመዝነዋል፤ በሦስት ንክኪ ላከ፣ 5 ኮከብ ሰጠ። ገንዘቡን ለመቀበል ደሴ ወይም ጎንደር ላይ ተሰልፈው፣ «ስሙ በአንድ ፊደል ይለያያል» ተብለው የተመለሱት አባቱ ግን መተግበሪያው በስልካቸው የለም። የአገልግሎቱ ግማሽ የተፈጸመው በእርሳቸው ላይ ነው፤ ደረጃ የመስጠት ዕድል ያገኘው ግን ልጃቸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ልለፍ። ሰዎች የሚናገሩትን እንመን ወይስ የሚያደርጉትን? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ፌስቡክ የጓደኞችን እንቅስቃሴ በአንድ ገጽ አሰባስቦ የሚያሳይ አሠራር ሲጀምር፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ተቃውሟቸውን አሰሙ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ የግላዊነት መቆጣጠሪያ ጨመረ፤ ገጹን ግን አላነሣውም። ዛሬ ያለዚያ ገጽ ፌስቡክን ማሰብ ያዳግታል። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ከማያ ገጹ ግርጌ የነበረውን የታወቀ የመጀመሪያ አዝራር አጠፋው፤ ተጠቃሚው አጉረመረመ፤ በዓመቱ አዝራሩ ተመለሰ፣ በ2015 በዊንዶውስ 10 ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ተመልሶ መጣ። ከመጀመሪያው ታሪክ የሶፍትዌር ሰዎች «ተጠቃሚ ይጮኻል፣ ኋላ ይለምዳል» የሚል ትምህርት ወስደዋል። ይህ ትምህርት ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። መልመድ መቀበል አይደለም። ጫማው የጠበበውም ሰው ይራመዳል።

በዚህ ነጥብ ላይ ከኮምፒውተር ሳይንስ ውጭ የሆነ አንድ መጽሐፍ ይረዳናል። አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራው፣ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ሁለት መንገድ አለው ይላል፤ መውጣት ወይም መናገር። ሦስተኛው ጽንሰ ሐሳቡ ታማኝነት ሲሆን፣ ሰው ቶሎ ሳይወጣ ቆይቶ እንዲናገር የሚያደርገው እርሱ ነው። ሂርሽማንን ለዚህ ሐሳብ ያነሣሣው የናይጄሪያ የባቡር አገልግሎት ነበር። የጭነት መኪናዎች ተፎካካሪ ሆነው ሲመጡ ባቡሩ ይሻሻላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ አልተሻሻለም። ምክንያቱም ለጥራት የሚቆረቆሩት፣ ጮኸው ሊያስተካክሉት ይችሉ የነበሩት ደንበኞች ወደ መኪናው ሄዱ። መሥሪያ ቤቱ የሚናገርለትን ሰው አጣ።

የኮከብ ደረጃ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ የተመሠረተው ሰው መውጣት ይችላል በሚል እምነት ላይ ነው። የፎቶ ማስዋቢያ መተግበሪያ ካልተስማማህ ሌላ ታወርዳለህ። ነገር ግን በእኛ አገር አገልግሎቶች በፍጥነት የውዴታ መሆናቸው እየቀረ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። ኤም-ፔሳም በዚያው ዓመት ክረምት ገብቶ አማራጭ ጨምሯል። ቢሆንም ለታክሲ ሾፌሩ ጥያቄው «ይህን መተግበሪያ ትወደዋለህ?» ከሚለው አልፏል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ከማደያው ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? መውጣት በሌለበት መናገር ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ መናገሪያው ቦታ ሰፊ፣ ሰሚውም የታወቀ መሆን አለበት። የዲጂታል ክፍያን ጠቀሜታ እየተቃወምሁ አይደለም፤ በጥሬ ገንዘብ ጆንያ ይዘን እንመለስ የሚል ካለ እኔ አብሬው አልሄድም። የምለው፣ የግዴታ የሆነ ሶፍትዌር የውዴታ በሆነው ሶፍትዌር መለኪያ ሊመዘን አይችልም ነው።

እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪው ተጠቃሚ አስተያየቱን የት ነው የሚሰጠው? እኔ ብዙውን የማገኘው በዘዴው ውስጥ ነው። ሰው ሶፍትዌሩ ያላሰበለትን ችግር ለማለፍ የሚፈጥረው ዘዴ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ ማንንም ለማስደሰት ተብሎ አይሠራምና።

አንዱን በዝርዝር ላሳያችሁ። ለምን ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል? በመምህራን ዘንድ የተለመደው መልስ «ወጣቱ ለፊደሉ ክብር አጣ» የሚል ነው። እስቲ ስልኩን እንጠይቀው። አንድ የአጭር ጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በመሠረታዊው የላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ፊደላት ይገባሉ። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ጥቂት ቦታ ይቆጥባል፤ ይህ ቁጠባ ግን ልዩነቱን አይሸፍነውም። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» የሚለው ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ በግዕዝ ፊደል 12 ምልክት ነው፤ የመልእክቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ይወስዳል። ይኸው በላቲን ሲጻፍ 20 ምልክት ይሆናል፤ ከ160ው አንድ ስምንተኛ ነው። የላቲኑ ረዘመ፣ ዋጋው ግን ቀነሰ። ከዚህም የባሰ አለ፤ በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባች መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ ስልኮች ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳዩ እንደ ነበር ጨምሩበት። ሰዎች በጣታቸው የሰጡት ግምገማ ነበር፤ «ይህ መሣሪያ ለቋንቋዬ አልተሠራም፣ አስከፍሎኛልም» የሚል። እኛ ግን የሥነ ምግባር ጉድለት አድርገን አነበብነው።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚላክ መልእክት በፊደል ብዛት አይከፈልበትም፣ የአማርኛ ኪቦርድም በየስልኩ አለ። ግን ደግሞ ሰዉ ወደ ድምፅ መልእክት እየሄደ ነው። በቴሌግራም እናት ለልጇ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ትልካለች እንጂ አትጽፍም። የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድምፅ ለመላክ ማንበብና መጻፍ አያስፈልግም። ማንበብ የሚችለውም ግን አንድን ፊደል ለማግኘት መጀመሪያ ግዕዙን፣ ቀጥሎ ከሰባቱ ቤት አንዱን መምረጥ ያሰለቸዋል። ኢሞንም ተመልከቱ። ንድፍ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ማያ ገጹ በማስታወቂያ የተጨናነቀ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ልጅ ያላት የገጠር እናት ግን በደካማ ኔትወርክ የልጇን ፊት ያየችው በእርሱ ነው። የእርስዋ መመዘኛ አንድ ነው፤ ታየችኝ ወይስ አልታየችኝም?

ስለ አማርኛ ትርጉምም ጥቂት ልበል። ስልኮች በአማርኛ የሚነበብ ቅንብር ይዘው መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጉግል ትርጉምም እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ጨምሯል። ሆኖም አማርኛን አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ስልኩን በእንግሊዝኛ አድርጎ ሲጠቀም ታገኙታላችሁ። ለምን? ሲቸግረው የሚረዳው የሰፈር ልጅ «ሴቲንግ ውስጥ ግቢ፣ እትዬ» ነው የሚላቸው እንጂ «ወደ ቅንብሮች ያምሩ» አይላቸውም። ተርጓሚው ትክክለኛ አማርኛ ጽፏል፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበትን አማርኛ ግን አልጻፈም። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉመው ማሽን ደግሞ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን መለየት ይቸግረዋል፤ በእንግሊዝኛው ሦስቱም አንድ ቃል ናቸውና። ለአያት የሚላክ መልእክት በ«አንተ» ወጥቶ ሲገኝ ለእኛ ጥቃቅን ስሕተት አይደለም፤ ስድብ ነው።

ይህ ሁሉ ቅሬታ ለምን አይጻፍም? እዚህ ላይ ዶናልድ ኖርማን ስለ ዕለታዊ ዕቃዎች ንድፍ በጻፈው መጽሐፉ ያስገነዘበውን ላንሣ። ሰዎች አንድ መሣሪያ እንቢ ሲላቸው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ይህ በየትኛውም አገር ያለ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ጨዋነትም ይጨመርበታል። አዛውንቱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ሳይጽፉ ሰዓቱ ሲያልፍባቸው «ልጄ፣ እኔ ስለማላውቅበት ነው» ይላሉ። እርሳቸው አላጠፉም። ስድስት ቁጥር ከአንድ ማያ ገጽ ወደ ሌላው አስታውሶ በተወሰነ ጊዜ መጻፍ ዓይኑ ለደከመ ሰው ከባድ ሥራ ነው፤ ጊዜውን የወሰነው ሰው ወጣት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነው ደግሞ ያሳስበኛል። አዛውንቱ ስልካቸውንና ምስጢር ቁጥራቸውን ለልጅ፣ ለጎረቤት ወይም ለሱቅ ሻጭ ይሰጣሉ። ኩባንያው በመዝገቡ አንድ የተሳካ ክፍያ ያያል፤ ደስተኛ ተጠቃሚ ብሎ ይቆጥራል። እኔ የማየው የገንዘብ ምስጢሩን በሌላ ሰው እጅ ያስቀመጠ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ገንዘባቸው ቢጎድል «የራስዎ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ይባላሉ። ያልተሰማ አስተያየት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ለተማሪዎቼ፣ በተለይ ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራ ለምትሠሩት፣ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። መጠይቅ አታብዙ። «በመተግበሪያው ምን ያህል ረክተዋል?» ብላችሁ ስትጠይቁ የአገራችን ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «በጣም ጥሩ ነው» ይላችኋል፤ ያም መልስ ስለ እናንተ እንጂ ስለ መተግበሪያው አይደለም። በምትኩ «ለመጨረሻ ጊዜ ያስቸገረዎ መቼ ነበር? ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» በሉ። ያደረጉትን ሲነግሯችሁ ዘዴያቸውን ታገኛላችሁ። ከተቻለም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሲሠሩ ተመልከቱ፤ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ስልኩን አትንኩ፤ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ለምኗቸው። ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ምልከታ 5 ሰዎች አብዛኛውን ችግር ለማውጣት እንደሚበቁ ተከራክሯል። ቁጥሩ አከራካሪ ነው፤ አምስቱም በዚህ ግቢ የሚማሩ ጓደኞቻችሁ ከሆኑ ደግሞ ከንቱ ነው። አንዷ የአትክልት ነጋዴ ትሁን፣ አንዱ መነጽር የሚያደርጉ አዛውንት ይሁኑ፣ አንዱ ስልኩን ከወንድሙ ጋር የሚጋራ ይሁን።

የጻፋችሁትንም ቃል በቃል አስቀምጡት። ነጋዴዋ «ብሩ ሄደ ግን አልደረሰም» ካለች፣ በሪፖርታችሁ «የግብይት ማረጋገጫ መዘግየት» ብላችሁ አትተርጉሙት። በእርስዋ አነጋገር ውስጥ ብሩ አሁን የማንም አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው፣ እርስዋም ደንበኛዋን በሩ ላይ አቁማ ትጠብቃለች። መሐንዲሱ ማወቅ ያለበት ያቺን ሰዓት ነው፤ ማያ ገጹ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚላት ደግሞ እስካሁን የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰዓቴን ስለጨረስሁ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ጥያቄም፣ ተቃውሞም ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።